«አይሰጥም» ሲባል ቤቱ ለምን ሁለት ጊዜ ሳቀ?

ቅዳሜ ማታ ነው። ጎንደር፣ ፒያሳ አጠገብ ያለ አንድ አዝማሪ ቤት ገብተናል። አራት ነን፤ ሁለቱ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ናቸው። አንደኛው ፀጉሩን በጊዜ ያሰናበተ ሰው ነው። የጣሪያው መብራት አናቱ ላይ ያብለጨልጫል። አዝማሪው ገና ከበር ስንገባ አይቶታል፣ ግን አልቸኮለም። ማሲንቆውን እየገዘገዘ ሌላ ጠረጴዛ ሲያወድስ ቆየና ቀስ እያለ ወደኛ ዞረ።

«ከፋሲል ግንብ በላይ፣ ምን ያበራል ብዬ፣
ለካ ያንተ ግንባር፣ ነው የኔ ጌታዬ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከሁላችንም በላይ የሳቀው ራሱ ራሰ በራው ነው። ተነሥቶ ብር አወጣና አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈለት። ግንባር ለግንባር ተከፋፈሉ።

ሁለተኛው እንግዳችን ያጨበጭባል፣ ይስቃል፣ እጁ ግን ወደ ኪሱ አይሄድም። ይህም ከአዝማሪው ዓይን አላመለጠም።

«ታንኳ ምን ያደርጋል፣ ለዚህ ለኛ ጌታ፣
ጣና ላይ ቢጥሉት፣ አይሰጥም ላንዳፍታ።»

አሁን የተፈጠረው ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ። መጀመሪያ ጥግ ላይ የተቀመጡት ሦስት ሽማግሌዎች ብቻ ሳቁ። ሌላው ሰው ዝም አለ። አዝማሪው ማሲንቆውን ትንሽ ገዘገዘ፣ ፈገግ ብሎ ሁለተኛውን ስንኝ ደገመው። ያኔ ቤቱ ሁሉ ፈነዳ። ከኛ መሀል አንዱ ጓደኛችን ግን ሰው ስለሳቀ ብቻ ነበር የሳቀው። አልገባውም። ፊቱ ያስታውቅ ነበር።

ነገሩን እንፍታው። «አይሰጥም» ሁለት ቃል ነው። አንደኛው ከ«ሰጠመ» የመጣ ነው፤ ጣና ላይ ቢጥሉት ውኃ ውስጥ አይገባም፣ ዋናተኛ ነው። በተራ ንግግር ቢሆን «አይሰጥምም» እንል ነበር፣ ግጥም ሲሆን ግን የመጨረሻዋ «ም» ትዋጣለች። ይህ ሰሙ ነው። ሁለተኛው ከ«ሰጠ» የመጣ ነው፤ ይህ ሰውዬ ጣና ላይ ቢጥሉት እንኳ ሳንቲም አያወጣም። ይህ ወርቁ ነው። ሁለቱን የተሸከመችውን ቃል የቅኔ ሰዎች ኅብረ ቃል ይሏታል። «ታንኳ» እና «ጣና» የገቡት ለጌጥ አይደለም። አእምሮአችንን ወደ ውኃው እንዲወስዱት ነው። ውኃ ስናስብ ቆይተን ድንገት ራሳችንን ኪስ ውስጥ እናገኘዋለን።

ሳቁ ያለው እዚያች ዝላይ ላይ ነው። አዝማሪው «ይህ ሰው ቋጣሪ ነው» ብሎ ቢዘፍን ኖሮ ማንም አይስቅም ነበር። ምናልባት ጠብ ይነሣ ነበር። እሱ ግን ግማሹን ብቻ ተናገረ፣ ሌላውን ግማሽ እኛ ሞላነው። የሞላነው እኛ ስለሆንን ቀልዱ የኛ ሆነ። ስንኙን መድገሙም ዝም ብሎ ልማድ አይደለም። መጀመሪያ ሲባል ሰሙን እንሰማለን። ማሲንቆው መሀል ላይ ፋታ ይሰጠናል። ሲደገም ወርቁን እንሰማለን። ዛሬ መድረክ ላይ የሚሠሩ ኮሜዲያን ሁሉ ስለ «ታይሚንግ» ያወራሉ። የአዝማሪ ታይሚንግ ማሲንቆው ነው።

ሰው ለምን ይስቃል የሚለው ጥያቄ ብዙ ፈላስፎችን አድክሟል። ጀርመናዊው ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ሳቅን በጉጉት የተወጠረ ነገር ድንገት ወደ ምንም ሲለወጥ የሚመጣ ነው ብሎ ገለጸው። ከላይ ካየነው ዝላይ ብዙም አይርቅም። እንግሊዛዊው ሆብስ ደግሞ ከሱ መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ነገሩን ጠቆር አድርጎ አየው። ለሱ ሳቅ ከሌላው በላይ ነኝ የሚል ድንገተኛ ኩራት ነው። ክረምት ላይ ቅዳሜ ገበያ ጭቃው አንሸራቶት አንድ ሰው ሲወድቅ ዙሪያውን አይታችሁ ከሆነ ሆብስን ትረዱታላችሁ። አንሺው ራሱ አፉን ይዞ እየሳቀ ነው የሚያነሣው። ፈረንሳዊው በርግሰን እ.ኤ.አ. በ1900 ይህንኑ መውደቅ በሌላ በኩል ያየዋል። የሚያስቀን ሰው መሆኑን ረስቶ እንደ ማሽን ሲሆን ነው ይላል። መንገዱ ተቀይሮ እግሩ ግን በድሮው ሒሳብ ይሄዳል።

የሥነ ልቦና ሊቁ ፍሮይድ ደግሞ ሳቅን ታፍኖ የቆየ ስሜት መተንፈሻ ነው ይለዋል። እኔ ፍሮይድን ያመንኩት ለቅሶ ቤት ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሁለተኛው ወይ ሦስተኛው ሌሊት ላይ ካርታ ይመጣል። አንዱ ስለ ሟቹ አንድ ነገር ያነሣል፤ «እሱ እኮ ቢኖር ይቺን ካርታ ሰርቆ ነበር የሚያሸንፈን» ይላል። ሰው ሁሉ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። እንባው የሳቅ ይሁን የለቅሶ አይለይም። እንደዚያ ዓይነት ሳቅ ሰርግ ላይ እንኳ አላየሁም።

ለኔ ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ማግሮውና ዋረን፣ ያቀረቡት ሐሳብ ነው። በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው፤ አንድ ነገር የሚያስቀው ወግ ሲጥስና በዚያው ቅጽበት ግን እንደማይጎዳ ስናውቅ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ መኖር አለባቸው። ጥሰት ከሌለው ያሰለቻል። ጉዳት ካለው ያስከፋል። ኩርኩራት እንኳ እንደዚሁ ነው። የምንወደው ሰው ሲኮረኩረን እንንፈራፈራለን፣ የማናውቀው ሰው ከሆነ እንቆጣለን። ራሳችንን ብንኮረኩር ደግሞ ምንም የለም፤ አንጎላችን የገዛ እጃችን የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ያውቃል። የታወቀ ነገር አያስቅም።

ይህን በራሴ ላይ ደርሶ ነው የተማርኩት። የአንድ ጓደኛዬ ሰርግ ላይ መድረክ ምራ ተባልኩ። ማይክ ሲያዝ ሰው ይሰክራል። የሙሽራዋ አጎት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ድሮ ደልዳላ ነበሩ፣ ያን ቀን ግን ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። እኔም «አጎታችን ይቺን ሰርግ አስበው ነው መሰል ከወር በፊት ጀምረው ሆዳቸውን ባዶ አድርገው ጠበቁን!» አልኩ። ዝም። የጠላ ብርጭቆ ሲቀመጥ ይሰማል። ከጓዳ አንዲት ሴት «ኧረ ወንድሜ ነውር ነው» አሉ። ሰውየው ለካ ከሆስፒታል ከወጡ ገና ሳምንታቸው ነው።

በኋላ ሳስበው የኔ ቀልድና የአዝማሪው ቀልድ አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም በሰው ገላ ላይ ነው። ልዩነቱ ከቀልዱ በፊት ያለው ሥራ ነው። አዝማሪው ቀድሞ ሰውየውን አይቶታል። እንዴት እንደገባ፣ ከማን ጋር እንደተቀመጠ፣ ለሌላው ቀልድ እንዴት እንደሳቀ መዝግቧል። ከዚያ በፋሲል ግንብ ጀመረ። የነገሥታት ግንብ ነው፤ ውዳሴ መስሎህ ደረትህን ስትነፋ ነው የሚወጋህ። ዜማውም ይከላከልለታል፤ የተዘፈነ ነገር በግማሽ ይቅር የተባለ ነገር ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላደረግሁም። ማይኩን ብቻ ነበር የያዝኩት።

ደግሞ አዝማሪ ብቻውን አይሠራም። ጎንደር አካባቢ እንደ ቡርቧክስ ያሉ፣ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድባቸው የአዝማሪ መንደሮች አሉ። አዝማሪዎች ሌላው ሰው የማይሰማው የራሳቸው የምስጢር ቋንቋም አላቸው። እናንተ ፊት ቆመው ስለ እናንተ ሊነጋገሩ ይችላሉ። ስለዚህ አንዱ «ስምህን ከየት አወቀው?» ብሎ ሲደነቅ ብዙም ተአምር የለበትም።

አማርኛ ለቀልድ ዓይነቶች የሰጠው ስም ብዛቱ ይገርማል። ሁሉንም አልደረድርም፣ ግን አንዳንዱ መለየት አለበት።

ተረብ የእኩዮች ነው። ጓደኛህ አዲስ ሹል ጫማ አድርጎ ሲመጣ «ጫማህ ደርሷል፣ አንተ መቼ ነው የምትመጣው?» ትለዋለህ። ተረብ መልስ ይጠይቃል። መልስ መስጠት ከማይችል ሰው ጋር መተራረብ ድብደባ ነው። የአራዳ ልጆች «ሙድ መያዝ» የሚሉት የዚህ የአጎት ልጅ ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ላይ ብዙ ሆነው ነው የሚይዙት። እሱን አልወደውም።

አሽሙር ደግሞ አቅጣጫ የቀየረ ቃል ነው። አማት ልጃቸው ቤት ምሳ ይጋበዛሉ። ምራት ወጡን ታቀርባለች። አማት አንድ ጉርሻ ይቀምሱና «ዘንድሮ በርበሬ ተወደደ መሰለኝ» ይላሉ። ስለ ገበያ ነው ያወሩት፤ ማንም ሊከሳቸው አይችልም። ግን ምራትየዋ ያን ቀን ዕንቅልፍ የላትም። አሽሙር የሚያስቀው ሦስተኛውን ሰው ነው፣ ያም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።

ምጸት ተቃራኒውን መናገር ነው። ባጃጅ ውስጥ ተጠቅጥቀን፣ የአንዱ ጉልበት በሌላው ጆሮ ሥር ሆኖ፣ ሹፌሩ አሁንም አንድ ሰው ለመጫን ይቆማል። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «የኔ ልጅ፣ አንተም ብትወርድ እኮ አንድ ሰው ይገባ ነበር» አሉት። ሹፌሩ ራሱ እየሳቀ ነዳ። ተሳፋሪ ሁሉ ቢጮህበት ኖሮ ሰውየውን መጫኑ አይቀርም ነበር።

ስላቅ ሲሆን ነገሩ ወደ ባለሥልጣንና ወደ ማኅበረሰብ ይወጣል። አደገኛው ይህ ነው። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ቴአትር ራሱ አስቂኝ ነበር። በ1910ዎቹ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት ሲሆን ተዋንያኑ አውሬዎች ናቸው። በአውሬ አስመስለው ስለ ሰው መናገራቸው ለቤተ መንግሥቱ ገባውና ታገደ። ወርቁ ቶሎ የሚገባው አንዳንዴ ሹሙ ነው። ከዚያ የከፋውን ጣሊያን አደረገ። በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጠንቋዮች፣ እንዲሁም በየመንገዱ የሚዘፍኑና የሚተርኩ ሰዎች እየተያዙ እንዲገደሉ ትእዛዝ ወጣ። የጦር አውሮፕላንና መርዝ ያለው መንግሥት ባለ አንድ ክሩን ማሲንቆ ፈራ።

ጎንደር ተቀምጦ ስለ ቀልድ እየጻፉ አለቃ ገብረ ሐናን አለማንሣት አይቻልም። በ19ኛው መቶ ዓመት የኖሩ፣ ፎገራ ተወልደው ጎንደር የተማሩ ሊቅ ናቸው። «ፎገረኝ» የሚለው የከተማ ቃል ከዚያ መጣ ብዬ ብነግራችሁ እየፎገርኳችሁ ነው። አለቃ ታላቅ የአቋቋም፣ ማለትም በመቋሚያና በጸናጽል የሚቀርበው የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ፣ መምህር ነበሩ። በልጃቸው ስም የሚጠራው የተክሌ አቋቋም የሳቸው ሥራ ነው። ዛሬ ግን አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው በቀልድ ብቻ ነው። ባለቤት ያጣ ቀልድ ሁሉ እሳቸው ደጃፍ ይጣላል። ስለዚህ የትኛው የሳቸው እንደሆነ መማል ከባድ ነው።

በስማቸው ከሚነገሩት አንዱን ግን ቀረብ ብለን እንየው። አለቃ መንገድ ላይ አህያ የሚነዳ ሰው ያገኛሉ። «እንደምን ዋላችሁ?» ይሉታል። አለቀ፤ ቀልዱ ይኸው ነው። ሰውየው አንድ ነው። ታናሽ ከሆነ «እንደምን ዋልህ»፣ ታላቅ ከሆነ «እንደምን ዋሉ» ነው የሚባለው። «ዋላችሁ» ከተባለ ሁለት መሆን አለባቸው። ሁለተኛው ማነው? አንድም የስድብ ቃል የለም። እንዲያውም ሰላምታ ነው፤ እምቢ ቢባል እንኳ ነውሩ የተቀባዩ ነው። ይህን ቀልድ ወደ እንግሊዝኛ ውሰዱትና እዚያው ይሞታል፤ በእነሱ ቋንቋ አንድም ሰው ብዙም ሰው የሚጠራው በአንድ ቃል ነው። አለቃ ያሳቁን በሰዋስው ነው።

ወደ ዘመናዊው መድረክ ስንመጣ መሣሪያው ይለወጣል፣ ዘዴው ግን ዘመድ ነው። ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩን፣ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰን የምናስታውስ ሰዎች ጥንድ ሆኖ መሥራት ለምን እንደሚያስቅ እናውቃለን። አንዱ ነገር ይተክላል፣ ሌላው ይነቅላል። አንዱ ኮስተር ሲል ሌላው እንዲያስቅ መንገድ ይጠርግለታል። ኮስታራው ነው ብዙ ጊዜ የማይመሰገነው፣ ሥራው ግን ከባድ ነው፤ እሱ ከሳቀ ቀልዱ ይፈርሳል። ብቻውን የሚቆም ኮሜዲያን ደግሞ ሁለቱንም ራሱ ይሠራል። ሁለት ነገር ደርድሮ መንገድ ያስለምደናል፣ በሦስተኛው ይገለብጠናል። «ጎንደር በሦስት ነገር ትታወቃለች፤ በግንቧ፣ በጥምቀቷ፣ እና ‹ደርሻለሁ› ብሎ ገና አልጋ ላይ ባለ ጓደኛዬ።» ሦስተኛውን መጀመሪያ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት። አይሠራም።

የገጠር ሰው አነጋገር እያስመሰሉ ማሳቅም አለ። ጥሩ አስመሳይ የሰውየውን ድምፅ ብቻ ሳይሆን ሐሳቡን ይይዛል፤ ያኔ ገጠሬው ከተሜውን ሲያሞኝ እናያለን። ሰነፉ ግን ቃሉን ብቻ ጎትቶ፣ ጋቢ ደርቦ ይወጣል። ሰው ይስቃል፣ አልክድም። ግን ያ የሆብስ ሳቅ ነው።

እዚህ ላይ ኮሜዲያንን ሊያሳዝን የሚችል ነገር ልንገራችሁ። አሜሪካዊው ሮበርት ፕሮቫይን ሰዎች በየመንገዱና በየገበያው ሲስቁ ተከታትሎ አጠና። ሳቅ ከተሰማባቸው ንግግሮች መካከል እንደ ቀልድ ሊቆጠሩ የሚችሉት ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀረው «በል እንግዲህ እንገናኝ» ዓይነት ተራ ወሬ ነው። ሰው ከሰው ጋር ሲሆን ብቻውን ከሚሆንበት ጊዜ ይልቅ 30 ጊዜ ያህል አብዝቶ ይስቃል። ስለዚህ አዝማሪ ቤት ገና ወንበራችን ላይ ስንቀመጥ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። ጠባብ ቤት፣ የተጠጋጋ ጉልበት፣ ጠጅ፣ ከጥግ የሚስቁ ሽማግሌዎች። ያንኑ አዝማሪ ስልካችሁ ላይ ብቻችሁን እዩት፤ በአፍንጫችሁ ትንፍሽ ብትሉ ነው።

ወደ ቅዳሜ ማታው እንመለስ። «አይሰጥም» የተባለው እንግዳችን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ጥቂት አሰበና እጁን አነሣ። «ተቀበል!» አለ። አዝማሪ ቤት ውስጥ ይህ ቃል ሥልጣን ነው። ማንም «ተቀበል» ካለ አዝማሪው በራሱ ላይ የተገጠመውን እንኳ ተቀብሎ ይዘፍናል።

«ታንኳስ ነበረችኝ፣ የምሳፈርባት፣
ኪሴ ደረቀና፣ ውኃ አጣሁላት።»

አዝማሪው ማሲንቆውን አቁሞ ጎንበስ አለለት። ከዚያ የራሱን ቀልድ የገለበጠበትን ግጥም በራሱ ዜማ ሁለት ጊዜ ዘፈነው። ያቺ ታንኳ በስድብ መጥታ በጨዋታ ተመለሰች። ሰውየው በመጨረሻ ኪሱ ገባ። የደረቀ ኪስ አልነበረም።

ስንወጣ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል። ሁለት ባጃጅ ይዘን ወደ ማራኪ ሄድን። ብርድ ነው፣ ማንም አያወራም። ያ ያልገባው ጓደኛችን አጠገቤ ተቀምጦ ጨለማውን ያያል። ሰፈራችን ልንደርስ ስንል ድንገት ጭኑን በጥፊ መታና ተንከተከተ። ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ።

«ምን ሆንክ?» አልነው።

«አይሰጥም!» አለ፣ እንባውን እየጠረገ። «ወይኔ! አይሰጥም እኮ ነው ያለው!»